«የአጥንት መድኃኒት አትጀምሩ፣ የጀመራችሁም አቁሙ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒቶች የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። የሚልኩልኝ ብዙዎቹ እናታቸው መድኃኒት የታዘዘላቸው ልጆች ናቸው። «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ላላያችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። የአጥንት መሳሳት እርጅና ነው፤ በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ መንጋጋ ያበሰብሳል፣ የጭን አጥንት ይሰብራል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ አይለቅም። የምርመራው መለኪያ ለነጮች የተሠራ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ሐኪሞች የሚያዙት ለኩባንያዎች ትርፍ ነው። ሽፈራው፣ ሰሊጥና ፀሐይ ይበቃሉ። ስለዚህ ያልጀመረ አይጀምር፣ የጀመረም ዛሬውኑ ያቁም።

እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ብዙ ሐበሻ እናቶች መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእኔ እጅ ነው። ጸሐፊዋን በክፉ አላነሳቸውም። ለእናቶች ተጨንቀው እንደጻፉ ያስታውቃል። ያነሷቸው ጉዳቶችም ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አንድ በአንድ ቆጠሩ። መድኃኒት ያላገኘ የሳሳ አጥንት ምን እንደሚያደርስ ግን አንድ መስመር አልጻፉም። አንዲት እናት ደግሞ መወሰን የምትችለው ሁለቱንም ጎን ለጎን ስታይ ነው።

«እርጅና ነው፣ በሽታ አይደለም»

አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ልክ እንደ እድሳት ቤት፣ ያረጀውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ በቦታው አዲስ የሚገነቡም አሉ። በወጣትነት ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። ሴት ካረጠች በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አፍራሾቹ ይቀድማሉ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊዋ ጋር እንስማማለን። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር ነው።

ከዕድሜ ጋር መምጣቱ ግን ዝም እንድንለው አያደርግም። የዓይን ሞራም ከዕድሜ ጋር ይመጣል። እናቱን «እርጅና ነው» ብሎ ሞራው ሳይገፈፍላት የሚተዋት ልጅ የለም።

የአጥንት መሳሳት ራሱ አያምም። ለዚህ ነው ቀላል የሚመስለው። የሚያመው ስብራቱ ነው። ለስብራት ደግሞ ከፎቅ መውደቅ አያስፈልግም። ሻወር ቤት ውስጥ መንሸራተት ይበቃል። የልጅ ልጅን ከአልጋ ማንሳትም ይበቃል። የአከርካሪ አጥንት ሲሰበር ብዙ ጊዜ ስብራት መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ ከ3 ስብራት 2ቱ ገደማ ሳይታወቁ ያልፋሉ። እናቶቻችን «ወገቤን ያዘኝ» ብለው ይተኛሉ። በቅባት ይታሻሉ፣ ወጌሻ ጋ ይሄዳሉ። ከዓመት በኋላ ቀሚሳቸው መሬት መጥረግ ይጀምራል፣ ጀርባቸው ይጎብጣል። እኛም «አረጁ» ብለን እናልፈዋለን። አንድ አከርካሪዋ የተሰበረባት ሴት መድኃኒት ካልወሰደች፣ በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የመሰበር ዕድሏ ከ5 አንድ ገደማ ነው።

ዳሌ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከ5 አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው የሚጠብቁ ይሆናሉ። ከማያቸው እናቶች ብዙዎቹ ከሞት አብልጠው የሚፈሩት ይህን ነው፤ ሰው እጅ ላይ መውደቅን። ጸሐፊዋ ስለ ፍርሃት ሲጽፉ ይህኛው ፍርሃት ቦታ ሊኖረው ይገባ ነበር።

«መንጋጋ ያበሰብሳል»

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው።

አንዲት እናት ከኪኒኑ ጋር የሚሰጠውን ረጅም ወረቀት ይዘው መጡ። ልጃቸው እንግሊዝኛውን እያነበበች በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። ዳር ዳሩን በአማርኛ «መንጋጋ»፣ «ጭን»፣ «ጉሮሮ» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። አራቱ ኪኒኖች ግን ከነማሸጊያቸው አሉ፤ አንዷም አልወጣችም። «ልጄ፣ ጥርሴ ከነመንጋጋዬ ይወልቃል አሉኝ። እንዳትዋሺኝ» አሉኝ።

አልዋሸኋቸውም። ነገሩ አለ። ብዙ ጊዜ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ አልድን ይላል፣ የመንጋጋው አጥንት ተገልጦ ለሳምንታት ይቆያል። ሐኪሞች ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አያይዘው መጻፍ የጀመሩት በ2003 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጸሐፊዋ ያላነሱት ግን በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ታማሚዎች አብዛኞቹ የካንሰር ሕመምተኞች መሆናቸውን ነው። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ እነዚሁ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። መጠኑ ግን በጣም ይለያያል። በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ለአጥንት መሳሳት 5 ሚሊግራም በዓመት አንዴ ነው። ለካንሰር 4 ሚሊግራም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ነው። ደኖሱማብ የሚባለው መርፌ ለአጥንት መሳሳት 60 ሚሊግራም በየ6 ወሩ፣ ለካንሰር 120 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። የዓመቱ ሲደመር ልዩነቱ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ለአጥንት መሳሳት በሚታዘዘው መጠን ቢስፎስፎኔት የሚባሉትን መድኃኒቶች (አሌንድሮኔት የሚባለው ኪኒንና ዞሌድሮኒክ አሲድ ከእነዚህ ናቸው) ከሚወስዱ 10,000 ሰዎች ይህ ችግር የሚደርሰው በዓመት በ1 ሰው ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ደኖሱማብን ለብዙ ዓመት በተወጉት ላይ ከፍ ይላል፤ በዓመት ከ10,000 ወደ 5 ይጠጋል። ዜሮ አይደለም። ለዚያች ለደረሰባት ሴት ደግሞ ቁጥሩ ምንም አያጽናናትም። ግን ዕድሉን መቀነስ ይቻላል፣ መንገዱም የታወቀ ነው። መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት ጥርስ ሐኪም ጋ መሄድ። የሚነቀል ጥርስ ካለ ቀድሞ ማስነቀልና ቁስሉ እስኪድን መጠበቅ። ከጀመሩም በኋላ ጥርስ ሐኪሙ እንዲያውቅ መንገር። ጥርስ ማሳጠብና ማስሞላት አይከለከልም። እንዲያውም ፈርቶ ከጥርስ ሐኪም መራቅ ነው አደጋውን የሚያመጣው፤ የተበላሸና የመረቀዘ ጥርስ ራሱ አንዱ መንስኤ ነውና።

እኚያ እናት መጀመሪያ ጥርሳቸውን አሳዩ። ከዚያ ጀመሩ።

«የጭን አጥንት ይሰብራል፣ ዕድሜ ልክም አይለቅም»

ሁለቱን አንድ ላይ ልመልሳቸው፤ የተያያዙ ናቸው።

መድኃኒቱን ለብዙ ዓመት በወሰዱ ጥቂት ሰዎች ላይ የጭን አጥንት መሀሉ ላይ፣ ያለ ከባድ አደጋ ሊሰበር ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በ2010 ይህ በማስጠንቀቂያነት እንዲጻፍ አዟል። የተደበቀ ነገር የለም። ጥያቄው ምን ያህል ነው፣ በምንስ ለውጥ ነው የሚለው ነው።

በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ በሚባል የጤና ድርጅት የሚታከሙ 196,129 ሴቶችን ተከታትሏል። ከእነሱ ውስጥ እንዲህ ያለ የጭን ስብራት የደረሰባቸው 277 ናቸው። 10,000 ነጭ ሴቶች መድኃኒቱን ለ3 ዓመት ቢወስዱ 149 የዳሌ ስብራት ሳይደርስ ይቀራል፣ በመድኃኒቱ ሰበብ 2 የጭን ስብራት ይመጣል። የእስያ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ልዩነቱ ይጠብባል፤ 91 ይቀራል፣ 8 ይመጣል። ጸሐፊዋ ሁለቱንና ስምንቱን ጻፉ፤ 149ኙንና 91ዱን ግን ተዉ።

ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። አደጋው ከዓመታት ጋር ይጨምራል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ ቶሎ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሐኪሞች «ዕረፍት» የሚሰጡት። ቢስፎስፎኔቶች አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ ኪኒኑ ቢቆምም ጥበቃው ወዲያው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት የኪኒን፣ ወይም ከ3 ዓመት የደም ሥር መድኃኒት በኋላ እንደገና ይመረመራል። አደጋዋ የቀነሰ ሴት ታርፋለች። አሁንም ከፍ ያለ አደጋ ያለባት ትቀጥላለች። ይህም በግምት የተባለ አይደለም። አሌንድሮኔትን 5 ዓመት ወስደው ያቆሙትንና እስከ 10 ዓመት የቀጠሉትን ያነጻጸረ ጥናት በ2006 ታትሟል። ከአከርካሪ ውጭ ያለው ስብራት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። በሕመም የታወቀ የአከርካሪ ስብራት ግን ካቆሙት በ5.3 በመቶ፣ ከቀጠሉት በ2.4 በመቶ ላይ ደረሰ። ስለዚህ ዕድሜ ልክ የሚባል ነገር የለም። «ስንት ዓመት ነው የምወስደው፣ መቼ ነው እንደገና የምንመረምረው?» ብሎ መጠየቅ ግን አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። ኪኒኑን የምትወስድ ሴት ጭኗን ወይም ብሽሽቷን ሲቆረጥማት ከሰነበተ ለሐኪሟ ትናገር። የጭን ስብራቱ ከመድረሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመም ይቀድመዋል። በጊዜ ከተያዘ ራጅ ያሳየዋል። «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

«መለኪያው ለነጮች ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ያወጣው መለኪያ፣ ቲ ስኮር (አጥንቱ ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር) ሚነስ 2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ነው የሚለው፣ የተሠራው በወጣት ነጭ ሴቶች አጥንት ላይ ተመሥርቶ ነው። ጸሐፊዋ ይህን ማንሳታቸው ልክ ነው።

ግን ጥሩ ሐኪም በዚያ ቁጥር ብቻ አይወስንም። ከ2008 ጀምሮ ፍራክስ የሚባል የስብራት ዕድል ማስሊያ አለ። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራትን፣ የእናት ወይም የአባት ዳሌ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሲጋራን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድን ይጠይቃል። ከቆሙበት ወድቀው ዳሌያቸው ወይም አከርካሪያቸው የተሰበረ እናት ደግሞ ቲ ስኮራቸው ምንም ቢሆን መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። አጥንታቸው ራሱ ተናግሯል። ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ምርመራ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማግኘት በሚከብድበት አገራችን ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በአማካይ ከነጮች ያነሰ ስብራት ይደርስባቸዋል። ግን ምርመራም ያነሰ ነው የሚታዘዝላቸው፤ ዳሌያቸው ሲሰበርም የሚሞቱት ይበዛሉ። «እኛን አይመለከትም» የሚለው አባባል ሐኪሙም ቤተሰቡም ዘንድ ሲኖር የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

«ለኩባንያ ትርፍ ነው»

አሌንድሮኔት በአሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው በ1995 ነው። የባለቤትነት መብቱ አብቅቶ ሌሎች አምራቾች መሥራት የጀመሩት በ2008 ነው። ዛሬ የወሩ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ሐኪም የሚያሳስት አይደለም። አዳዲሶቹ መርፌዎች ውድ ናቸው፤ እነሱ ሲታዘዙ «ርካሹ ለምን አይሆነኝም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ሽፈራው፣ ሰሊጥና ፀሐይ ይበቃሉ»

ምግቡን አትተዉ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይመከራል። ወተትና አይብ በማይበላበት ጾም ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ። ፀሐይም ለቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። እኛ ግን ቆዳችን ጠቆር ያለ ነው፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ፀሐይ የምናገኘው ጥቂት ነው። በአረብ አገር ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶቻችንም በጠራራ ፀሐይ አገር ውስጥ ሆነው ሊያንሳቸው ይችላል። ማስመርመር ነው።

«ይበቃሉ» የሚለውን ግን ጥናቱ ራሱ መልሶታል። በ2007 የታተመው የዞሌድሮኒክ አሲድ ጥናት ከ7,700 በላይ ሴቶችን ይዟል። መድኃኒቱን ያገኙትም ያላገኙትም፣ ሁሉም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ነበር። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻ ከወሰዱት በ3 ዓመት ውስጥ 10.9 በመቶዎቹ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ደረሰባቸው። መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው 3.3 በመቶዎቹ ናቸው። የዳሌው 2.5 ለ1.4 በመቶ ነው። ምግቡ መሠረት ነው፤ የሳሳን አጥንት ብቻውን አይመልስም።

«ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል»

ያቃጥላል፤ በተለይ አወሳሰዱን ማንም በደንብ ካላሳየ። እዚህ ላይ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶችም ተጠያቂ ነን። በአማርኛ ሳናስረዳ እንግሊዝኛ ወረቀት አስይዘን እንልካለን።

አሌንድሮኔት ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ 70 ሚሊግራም ኪኒን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። አይታኘክም፣ አይመጠጥም። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቀመጥ ወይም መቆም ነው፤ ጋደም ማለት የለም። ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ወይም ተመልሶ ከመጣ የሚያቆስለው ያኔ ነው። በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ምግብም፣ ሻይም፣ ቡናም፣ የካልሲየም ኪኒንም አይወሰድም። መድኃኒቱ በደህናው ጊዜ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። ከቡና ጋር ከሆነ ያ ትንሹ በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ቡናው ነው ለእናቶቻችን የሚከብደው። አንዲት ደንበኛዬ መላ አገኙለት። ኪኒኑን ውጠው ውሃቸውን ጨርሰው ብረት ምጣዱን ይጥዳሉ። ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦሉ እስኪቀዳ ግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። አሁን ለሌሎችም የምነግረው ይህንን ነው።

ቀኑንም መምረጥ ይቻላል። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ብዙዎችን ይስማማቸዋል። በረጅም አጽዋማት ወይም በረመዳን የሚቸገሩ ለሐኪማቸውና ለፋርማሲስታቸው ይንገሩ፤ መላ አይጠፋለትም። ለሶላት ወይም ለስግደት የሚጎነበሱም ስግደቱን ከኪኒኑ በፊት ወይም ከ30 ደቂቃው በኋላ ያድርጉት።

ኪኒኑ የማይሆናቸው ሰዎች በእርግጥ አሉ። ጉሮሯቸው የጠበበ፣ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማይችሉ፣ በደማቸው ያለው ካልሲየም ያነሰ፣ ኩላሊታቸው በጣም የደከመ። ጉሮሮና ጨጓራ ብቻ ከሆነ ችግሩ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ሊተካው ይችላል፤ እሱም ቢሆን ለደከመ ኩላሊት አይሆንም። በመጀመሪያው ጊዜ ከ3 ሰዎች አንዱን ገደማ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ይይዘዋል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገራት እናት «ተመረዝኩ» ብላ ሁለተኛ አትመለስም። በጥቂት ቀን ይለቃል፣ በሁለተኛው ዓመት በጣም ይቀንሳል። ውሃ በብዛት መጠጣትና ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ይረዳሉ።

ስለ ፍርሃቱ

አሜሪካ ውስጥ የመንጋጋውና የጭኑ ዜና በየቴሌቪዥኑ ሲነገር ሰው ደነገጠ። ከ2008 እስከ 2012 የእነዚህ ኪኒኖች ተጠቃሚ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዓመታት ሲቀንስ የቆየው የአረጋውያን ሴቶች የዳሌ ስብራት ከ2012 በኋላ መቀነሱን አቆመ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ያስፈራል። ያው ድንጋጤ አሁን በአማርኛ እየተደገመ ነው።

መፍራት ነውር አይደለም። ምንም ለማያማት ሴት «ይህን ዋጪ፣ እነዚህ ጉዳቶች አሉት» ሲባል መፍራቷ ተገቢ ነው። የሚያስጨንቀኝ ፍርሃቱ ሲደበቅ ነው። እናቶቻችን ሐኪም ፊት «እሺ ዶክተር» ይላሉ፤ ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሐኪሙ እየወሰዱ ይመስለዋል። ልጆችም አያውቁም። ከዚህ ሁሉ «ፈርቻለሁ፣ ገና አልጀመርኩም» ማለት ይሻላል። ሐኪሙ ቁጥሩን እንዲነግራቸው ይጠይቁ፤ «ሳልወስድ በ10 ዓመት ውስጥ የመሰበር ዕድሌ ስንት ነው? ብወስድስ?» ይበሉ። ልጅ ወይም አስተርጓሚ ይዘው ይግቡ። አንድ ወር ላስብበት ማለትም ይቻላል። አስቦ አልወስድም ማለትም መብት ነው። ያኔ ሐኪሙ ስለሚያውቅ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

«ዛሬውኑ አቁሙ»

ይህንን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ አንቀጽ ነው። ጸሐፊዋ ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ስም ጠርተው፣ ሁሉንም አቁሙ አሉ። ኪኒኑን ያቆመች ሴት ቀስ እያለች ጥበቃዋን ታጣለች፤ ለመመለስ ጊዜ አላት። ደኖሱማብን፣ ብዙዎች ፕሮሊያ የሚሉትን መርፌ፣ ያቆመች ግን ጊዜ የላትም።

ደኖሱማብ አጥንት ውስጥ አይቀመጥም። አፍራሾቹን ሴሎች የሚያስቆማቸው ለ6 ወር ነው። ቀጣዩ መርፌ ሲቀር አፍራሾቹ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበት በላይ ይበረታሉ። በዓመታት የተገኘው አጥንት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄዳል። አንዳንድ ሴቶች ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ አከርካሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታትለው ይሰበራሉ። የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ደኖሱማብን ማቆም የፈለገ ሰው ዝም ብሎ አያቆምም። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ቢስፎስፎኔት፣ ይተካለታል። ከላይ ያነሳሁት «ዕረፍት» ለደኖሱማብ አይሠራም። ይህን መርፌ ለመጀመር የምታስብ ሴት ከመጀመሯ በፊት ልትሰማው የሚገባ ነገር ነው፤ በዚህ የሐኪሞችም ጥፋት አለ፣ ብዙዎች አይነገራቸውም። ኩላሊታቸው በጣም ለተጎዳ፣ በተለይ ዲያሊሲስ ላይ ላሉ፣ ኤፍዲኤ በ2024 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ጨምሮበታል። በደማቸው ያለው ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

በእኛ ማኅበረሰብ መርፌው የሚያልፈው በፍርሃት ብቻ አይደለም። እናት ለፋሲካ አገር ቤት ይሄዳሉ። ሁለት ወር ያሉት ስድስት ይሆናል፤ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ተዝካር አለ። የመርፌው ቀን እዚያው ያልፋል። ትኬት ሲቆረጥ የመርፌውን ቀን እዩ። ከጉዞ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። መርፌው የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከፍሪጅ ከወጣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል። ሻንጣ ውስጥ ከቶ ለወራት መያዝ አይሆንም።

ጸሐፊዋን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሌላው እንዳለ ይቆይ፣ ልንከራከርበት እንችላለን። «የጀመረ ዛሬውኑ ያቁም» የሚለውን ግን ያስተካክሉት፤ ማስተካከያውንም ጽሑፉን ለላኩላቸው ሁሉ ይላኩት።

ጽሑፉን አንብባችሁ ወይም ተነግሯችሁ መርፌውን የዘለላችሁ ካላችሁ፣ የመጨረሻውን መርፌ የተወጋችሁበትን ቀን ፈልጉ። 6 ወር ካለፈው ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ደውሉ። ስልኩን ለሚያነሳው ሰው የመድኃኒቱን ስም፣ ያንን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የጀመራችሁ የጀርባ ወይም የወገብ ሕመም ካለም እሱን ንገሩት። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ።